የማንማኑ ወንበር፦ የሄይቲን ባህላዊ ውዝዋዜ በስደት አገር ስለሚያቆሙ ሰዎች

(የንግግር ጽሑፍ)

እንደምን ዋላችሁ? ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አንድ የልምምድ ክፍል በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ብሩክሊን ፍላትቡሽ ይሁን፣ ማያሚ ሊትል ሄይቲ ወይም ቦስተን ማታፓን፣ ነገሩ ያው ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በባዶ እግራቸው ቆመው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ደረታቸውን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው ያንቫሉ ይጨፍራሉ። ከዳሌ የተነሳ ሞገድ አከርካሪያቸውን ይዞ ሽቅብ እየተጥመለመለ አንገታቸው ላይ ይደርሳል። በመሐሉ ትልቁ ከበሮ ከሌሎቹ ምት አፈንግጦ ይወጣል። ዘጠኙ በዚያችው ቅጽበት ሞገዱን ሰብረው አካላቸውን ይጥላሉ። ሦስቱ ግን ግማሽ ምት ዘግይተው ይደርሳሉ። ከንፈራቸውን ላየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም፤ እየቆጠሩ ነው። ቤታቸው ውስጥ በስልክ ቅጂ ሲለማመዱ የከረሙት እነሱ ናቸው።

ያ ድንገተኛ ምት በሄይቲ ክሬዮል ካሴ ይባላል፤ ስብራት እንደ ማለት ነው። የቅጂ ካሴ ዘወትር በአንድ ቦታ ስለሚመጣ ጆሮ ሥራ ይፈታል። ሰው የሚመታው ካሴ ግን መቺው የተወዛዋዡን ትከሻ፣ ትንፋሽና ድካም አይቶ የሚወረውረው ስለሆነ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ዛሬ የምናወራው እነዚህን የማኅበረሰብ ድርጅቶች ስለሚመሩ ሰዎች ነው፤ ስለ ዳይሬክተሮቹ፣ ገንዘብ ያዦቹ፣ የቦርድ አባላቱና አስተማሪዎቹ። አብዛኞቹ ቀን ሌላ ሥራ ውለው ማታ ለዚህ የሚሮጡ ናቸው። ሥራቸውን የምመዝንበት ሚዛን አንድ ነው፦ የሚወስኑት ውሳኔ ከበሮ መቺው ክፍሉ ውስጥ እንዲቀመጥ ያደርጋል ወይስ አያደርግም?

ወደ ኋላ ትንሽ ልመለስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1935 የፕሬዚዳንት ስቴኒዮ ቫንሳን መንግሥት «አጉል እምነት» ያላቸውን ሥርዓቶች የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ ቮዱ የተባለውን የሄይቲያውያን እምነት ሥርዓት ከልክሎ የሕዝብ ጭፈራን ግን ፈቀደ። ከ1941 እስከ 1942 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ድጋፍ ባካሄደችው ዘመቻ ከበሮዎችና የአምልኮ ዕቃዎች ተሰብስበው ተቃጠሉ። በዚያው ሰሞን ፒያኖ ተጫዋቿ ሊና ማቶን ብላንሼ ወጣቶችን ሰብስበው እነዚያኑ ዘፈኖችና ጭፈራዎች ወደ መድረክ ያወጡ ነበር። በ1949 ፖርት-ኦ-ፕራንስ 200ኛ ዓመቷን በዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ስታከብር ብሔራዊው የባህል ቡድን ተቋቋመ፤ የመሩትም የሴን-ማርክ ተወላጅ ዣን-ሌዮን ደስቲኔ ነበሩ። እሳቸው ኋላ ኒውዮርክ ላይ ለአሥርት ዓመታት አስተምረዋል። በ1953 ደግሞ አሜሪካዊቷ ላቪኒያ ዊሊያምስ ወደ ሄይቲ ሄደው የውዝዋዜ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ያ የ1935 ሕግ የተሻረው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው።

ይህን ያነሳሁት ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። በአንድ ወቅት ከበሮው እየተቃጠለ ጭፈራው ይጨበጨብለት ነበር። ከበሮውን ከውዝዋዜው ነጥሎ የማየት ልማድ ሥሩ እዚያ ድረስ ይሄዳል። ዛሬ አንድ ድርጅት በጀት ሲያጥረው መጀመሪያ ከበሮ መቺውን ቀንሶ ድምፅ ማጉያ ሲያስገባ፣ ሳያውቀው ያንን መስመር ይከተላል።

ተቃራኒው ምሳሌም አለ። ፍሪስነር ኦገስተን በ1948 ፖርት-ኦ-ፕራንስ ተወልደው ኒውዮርክ የኖሩ ታላቅ ከበሮ መቺ ናቸው። ማካንዳል የተባለውን ቡድን በከበሮው በኩል ሆነው መሩት፤ በ1999 የአሜሪካ መንግሥት ለትውፊታዊ ጥበብ የሚሰጠውን ከፍተኛውን ክብር ተቀበሉ፤ በ2012 እስኪያርፉ ድረስም አስተማሩ። ማካንዳል ውስጥ ከበሮው አጃቢ ሆኖ አያውቅም። ኪነ ጥበባዊ አመራሩ ያለው መቺው ዘንድ ነበር።

አሁን ከበሮዎቹን ቀረብ ብለን እንያቸው፤ ምክንያቱም የበጀት ስህተት የሚጀምረው ዕቃውን ካለማወቅ ነው። ራዳ ከቮዱ የሥርዓት ዘርፎች አንዱ ነው፤ ከበሮዎቹም ሦስት ናቸው። ትልቁ ማንማን ይባላል፤ እናት ማለት ነው። መካከለኛው ሴጎን፣ ትንሹ ቡላ ይባላሉ። ከእንጨት የተፈለፈሉ ሲሆኑ ቆዳቸው የሚወጠረው ጎናቸው ላይ በተሰኩ የእንጨት ችካሎች ነው። ችካሉ ወደ ውስጥ ሲመታ ቆዳው ይወጠራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ቡላን መቺው በሁለት ቀጫጭን በትሮች ያለማቋረጥ ይመታዋል። ሴጎኑ አጊዳ በሚባል እንደ ቀስት በጎበጠ በትር ይመልስለታል። ማንማኑ በአንድ እጅና በአንድ በትር ይናገራል፤ ካሴውን የሚጥለውም እሱ ነው። ከሁሉ በላይ ኦጋን የተባለው የብረት ቃጭል ምቱን እንደ ክር ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሙሉ የራዳ ክፍል አራት ሰው ይፈልጋል።

ብዙ ድርጅቶች በአንድ መቺና ኮንጋ በሚባል በአንድ ረጅም ከበሮ ይጀምራሉ። የሚፈጠረው ችግር ይህ ነው፦ ስብራት የሚታወቀው የሚሰበር ነገር ሲኖር ነው። አንድ ሰው መሠረቱንም ስብራቱንም ሲጫወት፣ ካሴ ለመጣል መሠረቱን መተው ግድ ይሆንበታል። ያኔ ተወዛዋዡ የሚሰማው ባዶነት ነው፤ «ተሳሳተ» ብሎ ይቆማል። ገንዘብ ለአራት ካልበቃ ማንማንና ቡላ በባለሙያ ይያዙ፤ ኦጋኑን ደግሞ ተራ ጠባቂ ተወዛዋዦች እየተቀያየሩ ይምቱት። ኦጋን የመታ ተወዛዋዥ በወሩ መቁጠር ይተዋል።

ፔትዎ የተባለው ሌላው የቮዱ ዘርፍ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። የፔትዎ ከበሮዎች ሁለት ናቸው፤ የፍየል ቆዳ በገመድ ተጠፍሮ በባዶ እጅ ይመታሉ። ጁባ የተባለው ጭፈራ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ከበሮው መሬት ላይ ይጋደማል፣ መቺው እንደ ፈረስ ይቀመጥበታል፣ በሁለት እጁ እየመታ ተረከዙን ቆዳው ላይ ይጫናል። ተረከዙ ሲገፋ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲለቅ ይወፍራል። ሌላ ሰው ከኋላው ተቀምጦ የከበሮውን እንጨት በበትሮች ይቀጠቅጣል። የአዳራሽ ድምፅ ባለሙያዎች ማይክሮፎኑን ለቆመ ከበሮ በሚሆን ቁመት ተክለውት ይሄዳሉ፤ ጁባ ሲደርስ ያ የተረከዝ ድምፅ ለተመልካቹ ሳይሰማ ይቀራል። ጥሩ የመድረክ አስተባባሪ ለጁባ ብቻ ሌላ ዝቅተኛ ማይክሮፎን ቀድሞ ያስመዘግባል።

ስለ ክፍሉ አመራር። ዘጠና ደቂቃ ካለ እንዲህ ቢከፈል ይሠራል። አሥር ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቅ። አሥራ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ኦጋኑን በጭብጨባ መያዝና ዘፈኑን መማር። አስተማሪዎች ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰርዙት ይህንን ነው፤ እኔ ግን ውዝዋዜው ራሱ ቢያጥር እመርጣለሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ ለአንድ እንቅስቃሴ ብቻ። ከዚያ ሃያ አምስት ደቂቃ ሦስት ሦስት ሆኖ ወደ ከበሮዎቹ አቅጣጫ ወለሉን መሻገር፤ እዚህ ላይ ማንማኑ ካሴውን በፈለገው ሰዓት ይጥላል እንጂ በአስተማሪው ምልክት አይደለም። የቀረችው አሥራ አምስት ደቂቃ ለክለሳ ነው። ማብቂያው ላይ ተማሪዎቹ ወደ ከበሮዎቹ ተጠግተው እጅ ይነሳሉ።

ያንቫሉ ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው ሞገዱን ከትከሻው ማስነሳቱ ነው። ያኔ እንቅስቃሴው ጀርባ ላይ አያልፍም፣ አንገት ብቻ ይደክማል። እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በዶ-ባ አቋም፣ ማለትም ጀርባውን ዝቅ አድርጎ፣ በዝግታ ቢጀምር ዳሌው እንዲመራ ይገደዳል። ወለሉ የግድ እንጨት መሆን አለበት። ስስ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር ሦስት ወር የሠራ ቡድን የቁርጭምጭሚትና የቅልጥም ሕመምተኛ ይበዛበታል። ርካሽ አዳራሽ የሚከራይ ቦርድ ያተረፈውን በሕመምተኛ ተወዛዋዥ ይከፍለዋል።

ከያንቫሉ ወደ ማዪ፣ ከማዪ ወደ ዜፖል መሄድ የራዳው ተለምዷዊ ቅደም ተከተል ነው። ዜፖል ትከሻ ማለት ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ፣ እስክስታ ያሳደጋችሁ፣ ስታዩት ዘመድ እንዳገኘ ሰው ትከሻችሁ ይነሳል። ሆኖም የምቱ አከፋፈል የተለየ ስለሆነ የእስክስታ ትከሻ እንዳለ አይገባበትም። መጀመሪያ ኦጋኑን አዳምጡ።

ወደ ገንዘብ ልምጣ። ሄይቲያውያን ኮንቢት የሚሉት አላቸው፤ እኛ ደቦ የምንለው ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ከበሮና ዘፈን ይዞ፣ የአንዱን ማሳ ቆፍሮ ይውላል። የማኅበረሰብ ድርጅቶች ይህን ቃል ይወዱታል፤ «ሥራችን ኮንቢት ነው» ይላሉ። ቃሉ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ከበሮ መቺው በነጻ እንዲመጣ ይጠየቃል። ግን ደቦ የጠራ ሰው ምን እንዳለበት እኛም እናውቃለን። ምሳው፣ ጠላው፣ ኋላም ተራው ሲደርስ የዚያን ሰው ማሳ መቆፈሩ አለበት። ኮንቢትም እንደዚያው ነው፤ ጠሪው ያበላል፣ ብድሩንም ይመልሳል። ይህን ግማሹን ጥሎ ነጻ ጉልበቱን ብቻ የያዘ ድርጅት ኮንቢት አልጠራም።

በተግባር እንዲህ ነው። የድጋፍ ማመልከቻ ሲጻፍ ከበሮ መቺዎች በአርቲስት ክፍያ ሥር ይግቡ፤ የትርኢቱ ቀን ብቻ ሳይሆን የልምምዱም ሰዓት ይቆጠር። ከትርኢቱ በፊት ስምንት ልምምድ ካለና እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ከሆነ፣ ለአንድ መቺ 16 የልምምድ ሰዓት ነው፤ ለአራት መቺ 64። ይህ ቁጥር ማመልከቻው ላይ ካልተጻፈ የሚመጣው ነገር የታወቀ ነው፦ መቺዎቹ ለመጨረሻው ልምምድ ብቻ ይጠራሉ፣ ተወዛዋዦቹ ሰባቱን በቅጂ ይሠራሉ፣ ያየናቸው ሦስት ቆጣሪዎች አሥራ ሁለት ይሆናሉ።

ቀጠሮም እንደ ገንዘብ ነው። በሜይ ወር ጥሩ መቺ አይገኝም። ሜይ 18 የባንዲራ ቀን ነው፤ በ1803 አርካኤ ላይ የተሰፋችው ባንዲራ ትታሰባለች፤ ወሩም በአሜሪካ የሄይቲ ቅርስ ወር ስለሆነ ትምህርት ቤቱም ቤተ መጻሕፍቱም በአንዴ ይጠራሉ። በፌብሩዋሪ ያልተያዘ መቺ በሜይ አይያዝም። ኖቬምበር 1 እና 2 ደግሞ የሙታን መናፍስት የሆኑት የጌዴዎች በዓል ነው። ብዙ መቺዎች በዚያ ሰሞን በሥርዓቱ ስለሚያገለግሉ ልምምድ ጠርቶ «ቀሩ» ማለት ሰዎቹን አለማወቅ ነው።

ዛሬ ላይ ይህ ሁሉ የባሰ ከብዷል። ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ የአሜሪካ አየር መንገዶች ወደ ፖርት-ኦ-ፕራንስ እንዳይበሩ ተከልክለዋል፤ በጁን 2025 ደግሞ ጥቂት ሁኔታዎች ሲቀሩ የሄይቲ ዜጎች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ታገደ። ድሮ አንድ ድርጅት በባህል አርቲስቶች ቪዛ ከሄይቲ አስተማሪ ያመጣ ነበር። ያ በር ሲጠብ፣ ብሩክሊን ወይም ማያሚ ያሉ አረጋውያን መቺዎች የትምህርቱ ብቸኛ ምንጭ ይሆናሉ። ከእያንዳንዳቸው ሥር ሁለት ወጣት ተለማማጅ ማስቀመጥና ለተለማማጁ የትራንስፖርት ገንዘብ መስጠት የዚህ ዘመን አስቸኳይ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወላጆች። ብዙ የሄይቲ ቤተሰቦች ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት ናቸው፤ «ልጄን ቮዱ ልታስተምሩ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ መሸፋፈን ይጎዳል። «ውዝዋዜ ብቻ ነው፣ ከእምነት ጋር አይገናኝም» ያለ አስተማሪ፣ ልጁ «ዳምባላ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ቀን አመኔታ ያጣል። ያንቫሉ ከእባቡ መንፈስ ከዳምባላ ጋር፣ ናጎ ከጦረኛው ኦጉ ጋር፣ ጁባ ከገበሬው አዛካ ጋር መያያዙን ወላጅ ከምዝገባው ቀን ጀምሮ ይወቅ። ቀጥሎም ድርጅቱ ክፍል ውስጥ የማያደርገውን በግልጽ ይናገር፦ ሥርዓት አይፈጸምም፣ ወለሉ ላይ የመናፍስቱ ሥዕል የሆነው ቬቬ አይሳልም፣ መስዋዕት የለም። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁን ይወስድ ይሆናል፤ የሚያስቀምጠው ግን አውቆ ያስቀምጣል። ባንዳ የሚባለው የጌዴዎች ጭፈራ ዳሌውና ቀልዱ ጠንከር ያለ ነው። የትምህርት ቤት ትርኢት ላይ ቆራርጦ «ጨዋ» ባንዳ ከማቅረብ ለአዋቂዎች ምሽት ማቆየቱ ይሻላል። የተቆራረጠው ባንዳ ባንዳም አይደለም፣ ለልጆቹም ትርጉም የለውም።

ልብስ ላይ ረጅም ጊዜ ማጥፋት አልፈልግም፤ ግን ስሌቱን ልስጣችሁ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ነውና። ካራቤላ የሚባለው ቀሚስ በእጅ ተይዞ የሚውለበለብ ስለሆነ ሙሉ ክብ መሆን አለበት። ወገቧ 70 ሳንቲሜትር፣ የቀሚሷ ርዝመት 85 የሆነ ሴት የክቡ ራዲየስ ወደ 96 ሳንቲሜትር ይደርሳል። 1 ሜትር ከ50 ወርድ ያለው ጨርቅ ከሆነ ወደ 4 ሜትር ይወስዳል። የታችኛው ጠርዝ ዙሪያው 6 ሜትር ነው፤ ሽንሽን ይጨመርበት ከተባለ ለሽንሽኑ ብቻ 9 ሜትር ጥብጣብ ያስፈልጋል። ጨርቁ ጥጥ ይሁን። ፖሊስተር ርካሽ ነው፣ ግን ከጣት ይሾልካል፤ በአየር ላይም ሞገዱን አይዝም፣ ይወድቃል። ለጁባ ሰማያዊ ጨርቅ፣ የሣር ባርኔጣ፣ ቀይ መሀረብና ማኩት የተባለው የሣር ከረጢት ከበቂ በላይ ናቸው።

ወረቀቱ። በኒውዮርክም በፍሎሪዳም ሕግ ቦርዱ ቢያንስ ሦስት ሰው ይፈልጋል። ሦስቱም ተወዛዋዥ ከሆኑ ከበሮ አይበጀትም፤ አንዱ መቺ ይሁን፣ አንዱ ሒሳብ የሚያውቅ። 501(ሲ)(3) ለሚባለው፣ ድርጅቱን ከግብር ነጻ ለሚያደርገው የአሜሪካ ፈቃድ፣ ዓመታዊ ገቢው ከ50,000 ዶላር፣ ንብረቱም ከ250,000 ዶላር እንደማያልፍ የሚገመት ትንሽ ድርጅት በአጭሩ ቅጽ ማመልከት ይችላል፤ ክፍያው 275 ዶላር ነው፤ ረጅሙ ቅጽ 600። ገቢው አብዛኛውን ጊዜ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ድርጅት በየዓመቱ 990-ኤን የሚባለውን አጭር የኤሌክትሮኒክ ማሳወቂያ ይልካል። ሒሳቡ በዲሴምበር የሚዘጋ ከሆነ ቀኑ ሜይ 15 ነው፤ ማለትም ሁሉም በባንዲራ ቀን ትርኢት በሚራወጥበት ሳምንት። ሦስት ዓመት በተከታታይ የረሳ ድርጅት ፈቃዱ ወዲያውኑ ይሰረዛል፤ ማስጠንቀቂያ መጣም አልመጣም። ስለዚህ በማርች ላኩት። ገና ፈቃድ የሌለው ቡድን በሌላ ሕጋዊ ድርጅት ጥላ ሥር ሆኖ ድጋፍ መቀበል ይችላል፤ ያ ድርጅት የተወሰነ መቶኛ ይቆርጣል፤ የሚቆረጠው ስንት እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዝ።

የመጨረሻው የትርኢቱ ቀን ነው። ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ማሞቂያ በበዛበት የክረምት ክፍል ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከበሮዎቹ ከትርኢቱ ሦስት ሰዓት በፊት አዳራሹ ይግቡና የክፍሉን አየር ይልመዱ። አገር ቤት በፀሐይ ወይም በእሳት ይሞቃሉ፤ በአዳራሽ ውስጥ እሳት ስለማይፈቀድ የፀጉር ማድረቂያ ከርቀት ይያዝላቸው። መለዋወጫ ችካሎችና አንድ የእንጨት መዶሻ ከረጢት ውስጥ አይጥፉ።

ከዚያ የቦታ ጥያቄ ይመጣል። የአዳራሹ ሰዎች ከበሮዎቹን ከመጋረጃ ጀርባ ወይም ከመድረኩ በታች ማስቀመጥ ይፈልጋሉ፤ መድረኩ ሰፊ እንዲመስል። በዚህ አትስማሙ። ማንማን መቺው የተወዛዋዦቹን እግርና ትከሻ ካላየ ካሴውን የሚጥለው በግምት ነው። ከበሮዎቹ መድረኩ ላይ፣ በአንድ ጎን፣ ወደ መሐል ዞረው ይቀመጡ። ዳይሬክተሯ ራሷ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከዚያ ሆና የመጨረሻዋን ተወዛዋዥ እግር ማየት መቻሏን ታረጋግጥ፤ ካልታየ ወንበሩን ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ትሳበው፤ ወለሉንም በነጭ ፕላስተር ምልክት ታድርግበት።

ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ነኝ።